የቀኝ እጅ ሰላምታ

ወንድሜ እንድሪስ ይመር የሞተው ቅዳሜ ረፋድ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ይነዳው የነበረው ሞተር ሳይክል ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። ገደሉ አፋፍ ላይ በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ቃሉን ሰጠ።

ቃሉ አጭር ነው። «ነጂው ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ቀኝ እጁን በፈቃዱ ከመሪው አነሳ። አንገቱን ደፋ። ተሽከርካሪው ወደ ቀኝ ጠርዝ ወጥቶ በሰላም ቆመ።» በሰላም ቆመ ነው የሚለው። ወንድሜ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ገደል መግባቱ ሌላ መስመር ላይ ተጽፏል፤ «ነጂው አልተመለሰም» ይላል።

የሰው ምስክርነት ከፍርድ ቤት ከወጣ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሰው ይረሳል፣ ያዳላል፣ ይዋሻል ተባለ። እውነት ነው፣ እንዋሻለን። አሁን የሚመሰክሩት ዕቃዎች ናቸው። ጎረቤት ከጎረቤት ቢጣላ የሁለቱ የግቢ በሮች ቃል ይሰጣሉ፤ ባልና ሚስት ቢካሰሱ አልጋው ይጠየቃል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅንበት። ከዚያ ለመድነው። እኔም ለምጄው ነበር፣ የገዛ ወንድሜ ላይ እስኪመሰከር ድረስ።

እንድሪስ ያደረገውን በዓይናቸው ያዩ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ጠመዝማዛው መሃል፣ በተራራው በኩል፣ አውቶቡስ መቆም ከተወበት ሃያ ዓመት ያለፈው ፌርማታ አለ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ረፋዱን እዚያ አግዳሚ ላይ ያሳልፋሉ። አውቶቡስ እየጠበቁ አይደለም፤ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ለማለት ነው። እንድሪስ ሲያያቸው በእኛ አገር በወግ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ አንገቱን ሰበር አደረገ። እነሱም አፀፋውን ሊመልሱ ብድግ አሉ። ቆመው እያዩት ነው ገደል የገባው።

ቀኝ እጅ የጋዙ፣ የፍጥነቱ እጅ ነው። ሞተር ላይ ሥራ የያዘው እሱ ነው፤ ግራው እንዲሁ መሪ ይዞ ይሄዳል። ግን ለሽማግሌ ግራ እጁን አንስቶ ሰላም የሚል ሰው ወሎ ውስጥ ገና አልተወለደም። አባታችን በአሮጌው የቤንዚን ሞተሩ መንዳት ሲያስተምረን ይህን ሁሉ አይተነዋል። ቀኝ እጅ ሲነሳ የድሮው ሞተር ቀስ ይላል፣ እጅ ሲመለስ ይቀጥላል። በቃ። አዲሱ ግን የተነሳ እጅና የጎነበሰ አንገት ሲያይ ነጂው ተስፋ ቆርጦ ራሱን ሊያጠፋ ነው ብሎ ይደመድምና በራሱ ፍሬን ይዞ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። በቀኝ በኩል ደግሞ ገደል ነው። ተሽከርካሪ አይሳሳትም ተብሎ የመንገድ ዳር ግንቡ ከተነሳ ቆይቷል።

የወንድሜ የሞት ወረቀት «በራስ ፈቃድ» ይላል። እኔ በዚህ ደሜ ፈላ፤ እናቴ ዘይነብ ግን ተሰበረች። የመስጊዱ ሼህ የሬሳ ሶላት ሰግደውበታል፣ ለቀስተኛው መጥቷል፣ ግን ሰው አፉን መቼ ይይዛል? ደግሞ የሰው አፍ ቢቀር የዕቃው አይቀርም። በአርባኛው ቀን ዳቦ ልትገዛ ሄዳ መዳፏን የዳቦ ቤቱ በር ላይ ስታሳርፍ፣ በሩ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጃቸው በፈቃዱ ለሞተባቸው እናቶች የተዘጋጀውን የማጽናኛ ምክር መስማት ይፈልጋሉ?» አላት። ዳቦውን ሳትይዝ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣችም። እኔ ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«መዲና፣ ምን አጎደልኩበት?»

«እማ፣ ምንም አላጎደልሽም። ሰላም እያለ ነው የሞተው።»

«ወረቀቱ እንዲያ አይልማ» ትለኛለች፤ ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

አቤቱታ የሚቀርብበት የፍርድ መስኮት የሚገኘው ቀድሞ ፖስታ ቤት በነበረው ሕንፃ ሥር ነው። ሄድኩ። ከመስኮቱ ኋላ ሰው የለም፤ ደህና አድርጎ የተገራ ድምፅ ነው ያለው።

«የወንድሜ የሞት ምክንያት ይታረምልኝ። ምስክር አለኝ» አልኩት። «አሥራ አንድ።»

«ምን ዓይነት ምስክሮች?»

«ሰዎች።»

«የሰው ቃል አንቀበልም። በቦታው ሌላ መዝጋቢ ዕቃ ነበር?»

«አግዳሚ ነበር።»

«አግዳሚው ይመዘግባል?»

«እንጨት ነው።»

«እናዝናለን» አለኝ። እንዲህ ከአንገት በላይ የሆነ ሐዘን ሰምቼ አላውቅም። ውሃ ሲያንቅ በምን ይውጡታል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ስወጣ አንድ ነገር ግን ጨመረልኝ፤ ምናልባት ለሁሉም የሚለው ሊሆን ይችላል። «መዝገብን የሚያርም መዝገብ ብቻ ነው» አለ።

እንድሪስ የኮምቦልቻው ሞተር ፋብሪካ ሞካሪ ነጂ ነበር። የሞተበት ሞተር መረዋ ይባላል፤ ረጅም ጉዞን በማሰብ የተሠራ፣ ክሩዘር የሚሉት ዝቅ ያለ ትልቅ ሞተር። በሞተ በሦስተኛው ወር ፋብሪካው መረዋን ለሽያጭ ሊያወጣው እንደሆነና ማንኛውም የኮምቦልቻ ነዋሪ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ነድቶ እንዲሞክረው መጋበዙን አወጀ። መንገዱ ከፋብሪካው በር እስከ ሐረጎ ፌርማታ፣ ከዚያም መልስ ነው። ማስታወቂያውን ያነበብኩ ዕለት ማታውኑ ተመዘገብኩ። እኔ ለፋብሪካው የመቀመጫ ልብስ የምሰፋ ነኝ፤ የዚያን የመረዋን ቆዳ ራሱ የሰፋሁት እኔ ልሆን እችላለሁ።

የተቀበለኝ ኢንጂነር ናሆም የሚባል ልጅ እግር ሰው ነው። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጨዋ፣ ንፁህ ሸሚዝ የለበሰ። ስሜን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ሄልሜት አጠለቀልኝና ማሳሰቢያውን ያነብልኝ ጀመር። እግር ከፊት ይቀመጣል። ፍጥነቱ ከሃያ በታች አይወርድም። ጀርባ ይዝናናል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰላምታ መስጠት ካስፈለገዎ በግራ እጅ ብቻ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«በግራ እጅ፣ ወይዘሮ መዲና። ግራው ነፃ ነው።»

«ይሄ መስመር ወንድሜ ሲነዳ ማሳሰቢያው ላይ ነበር?»

ጫማውን አየ።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለ። «እሱ በሞተ በሳምንቱ።»

ያውቃሉ! በሳምንቱ አውቀዋል። ሞተሩ እንዳለ ነው፣ ወረቀቱም እንዳለ ነው፤ የታረመው የኛ እጅ ነው። «እናትህን በግራ እጅህ ሰላም ትላለህ አንተ?» አልኩት። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ጥበቃው ዞሮ አየን። ናሆም ቀላ። «አለቆቼን ነግሬያለሁ። መዝገቡ ነጂውን ነው የሚከሰው፣ እኛን ምን አገባን አሉኝ» አለና ሞተሩን ወደ እኔ ገፋው።

መረዋ ላይ ተቀመጥኩ። ሐቁን ልናገር፤ ግሩም ሞተር ነው። መሪው ሰፊ፣ ወንበሩ ጥልቅ፣ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደተንጋለለ የሚሄድ ነው የሚመስለው። በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ የራሱ ድምፅ የለውም፤ ከሥሩ ግን የድሮ ቤንዚን ሞተር ዱም ዱም የሚል ድምፅ ያሰማል። የአባታችንን ሞተር ድምፅ። ከከተማው ወጥቼ አቀበቱን ስጀምር ንፋሱ ደረቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ራሴን ጠላሁ። እንድሪስም እዚሁ ጋ ደስ ብሎት እንደነበር ገባኝ፣ ያኔ ነው ሄልሜቱ ውስጥ ያለቀስኩት።

ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስደርስ ፌርማታው ታየኝ። ሽማግሌዎቹ አሉ። ፍጥነቱን ሃያ ላይ አወረድኩት፣ ከዚያ በታች እምቢ አለኝ። ያሰብኩትን ከሌሊት ጀምሮ ሳጠናው ነው ያደርኩት።

«ስማኝ አንተ መረዋ» አልኩት።

«እየሰማሁ ነው።»

«አሁን ቀኝ እጄን ላነሳ ነው። ሽማግሌዎቹን ሰላም ለማለት ነው። መሞት አልፈልግም። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እናቴ ቤት ናት፣ ለምሳ እመለሳለሁ። ይሄን መዝግብ።»

«ተመዝግቧል» አለኝ።

ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ሰበር አደረግሁ። ሽማግሌዎቹ ብድግ ሲሉ አየሁ። ወዲያው ሞተሩ ፍሬን ያዘና ተጠመዘዘ። አውቄ ስለጠበቅሁት በጉልበቴና በግራ እጄ ሙጭጭ አልኩበት፤ ያም ሆኖ አነሳኝና አስፋልቱ ላይ አንከባለለኝ። ስቆም እግሬ ደም በደም ሆኗል። የመረዋ የፊት ጎማ ከገደሉ አንድ ክንድ አይርቅም። ቀጥ ብሎ ቆሞ መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል።

ሽማግሌዎቹ ደግፈው አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። ከሞተሩ ላይ ቃሉን አነበብን። «ነጂዋ ቀኝ እጇን በፈቃዷ ከመሪው አነሳች። አንገቷን ደፋች። ተሽከርካሪው ወደ ቀኝ ጠርዝ ወጥቶ በሰላም ቆመ።» ከላዩ፣ የኔ ንግግር መግባት የነበረበት ቦታ ላይ፣ «የሰው ቃል፤ ተሰርዟል» ይላል።

«እኔንም ራሷን ልታጠፋ ነበር አለኝ» አልኳቸው። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ፤ በዚያ አግዳሚ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ከሁሉም የሚያንሱት ስልሳ ስምንት፣ የሚበልጡት ሼህ አራጋው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሼህ አራጋው ሞተሩን ዞረው አዩት። በከዘራቸው ጎማውን ነካ ነካ አደረጉት።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። «እስኪ ንገሪኝ፣ ይሄን ነገር ማንም ሰው መሞከር ይችላል ነው የምትይኝ?»

«የኮምቦልቻ ነዋሪ የሆነ ሁሉ።»

«ዕድሜ አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም።»

«ሰው አይመሰክርም አሉ፣ ደግ። እሱ ራሱ ይመስክራ» አሉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ነገ በጠዋት ማን ይመጣል?»

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፋብሪካው በር ላይ ስልሳ ሁለት ሰው ተሰልፏል። አሥራ አንዱ ሽማግሌዎች፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ የእንድሪስ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ አንዲት አዋላጅ፣ የዳቦ ቤቱ ወረፋ ላይ የነበሩ ሦስት ሴቶች። አብዛኞቹ ሞተር ነድተው አያውቁም። መንዳትም አላስፈለጋቸውም። ናሆም ሲያየን ገባው መሰለኝ፤ ምዝገባውን ሊዘጋው ይችል ነበር። ትንሽ ቆመና የበሩን ቁልፍ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ ሜዳው ሄዶ በቀኝ በኩል ያለው ሣር ላይ የመጋዘኑን ፍራሾች መደርደር ጀመረ። ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ይቅር አልኩት።

መጀመሪያ የወጡት ሼህ አራጋው ናቸው። ሁለት ሰው ደግፎ መረዋ ላይ አስቀመጣቸው። ግቢው ውስጥ አሥር ሜትር ያህል ሄዱና በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ ሲያዩ፣ በሙሉ ወግ፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሞተሩ ፍሬን ያዘ፤ ሼህ አራጋው ፍራሽ ላይ አረፉ። ጥበቃው ሰላምታውን መልሶ እየሮጠ መጣና አነሳቸው። መዝገቡ ወጣ። ሼህ አራጋው በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረዋል።

«ወይ ጉድ!» አሉ አቧራቸውን እያራገፉ። «ሚስቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? ቀጣይ!»

እስከ ምሳ ሰዓት ሃያ ስምንት ሰው ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። አዋላጇ ሞከረች። የአንድ ሰው ክንድ ወለቀ፤ ወጌሻ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነበርና መለሰለት። እየሳቅን ነበር፣ አልደብቅም፤ ግን እያንዳንዱ ሰው ፍራሹ ላይ በወደቀ ቁጥር እኔ ፍራሹን አላይም፣ ገደሉን ነው የማየው። ከስልሳ ሁለቱ አንድም ግራ እጁን ያነሳ የለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ሰው ሲወድቅ ናሆም መዝገቡን ሁሉ አትሞ በእጄ ሰጠኝ፤ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ።

ወረቀቱን ተሸክሜ ፍርድ መስኮት ሄድኩ። ሕዝቡም ተከተለኝ።

«አንድ ከተማ ነው በአንድ ቀን አብዶ ራሱን ሊያጠፋ የተነሳው፣ ወይስ ሞተሩ ነው ውሸታም?» አልኩት። «መዝገብን የሚያርም መዝገብ ነው ብለኸኛል። ይኸው ስልሳ ሁለት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዘገየ። ያ ጸጥታ ምን ያህል እንደጣፈጠኝ ልነግራችሁ አልችልም። «ጉዳዩ ይታያል» አለ በመጨረሻ።

ሁለት ወር ታየ። ውሳኔው የመጣ ዕለት እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አዲሱን የሞት ወረቀት አነበብኩላት። «የሞት ምክንያት፦ በመንዳት ላይ ሳለ ሰላምታ መስጠት።»

«ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት።

«ሰላምታ» አለች። ሁለት እጇን ዘርግታ ፊቷን አበሰች። «አልሐምዱሊላህ። ልጄ ባለጌ አልነበረም።» ከዚያ ነጠላዋን አንስታ በሩን ራሷ ከፈተች፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ፣ «ሰላም ሲል ነው የሞተው! ልጄ ሰላም ሲል ነው!» እያለች ወጣች። ሦስት ወር የተዘጋ ደጃፍ በዚያ ከሰዓት ሰው ሞላው። እሷ አረፈች። ለሷ ብዬ ዝም አልኩ።

እኔ ግን አላረፍኩም። ወረቀቱን መልሳችሁ አንብቡት። ሞተሩ የት አለ? ገዳዩ ሰላምታ ነው ተብሎ ተፈረደ። መረዋ በወሩ ለሽያጭ ወጣ፣ አንድም ብሎን ሳይነካ። የተለወጠው መንገዱ ነው። ከፋብሪካው በር እስከ ሐረጎ ድረስ በየመቶ ሜትሩ ቢጫ ሰሌዳ ተተከለ፤ ደረቱ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ሥዕል አለበት፣ በላዩ ቀይ መስመር ተሰርዞበታል። ናሆም ሥራውን ለቆ ሄደ አሉ። ሌላ ኢንጂነር መጣ።

ትናንት ወደ ፌርማታው በእግሬ ወጣሁ። ከሩቅ ሳየው ቦታው ልክ አልመስል አለኝ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚውን ከነብሎኑ ነቅለው አዙረውታል። አሥራ አንዱም ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አለት አድርገው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ከአለቱ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ ከኋላቸው።

ማንም አልዞረም።

«ማን ነሽ? በእግርሽ ነሽ?» አሉ ሼህ አራጋው ወደ አለቱ እያዩ።

«መዲና ነኝ። በእግሬ ነኝ።»

ያን ጊዜ ዞሩ። አንድ በአንድ ከአግዳሚው ተነሥተው፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እያንዳንዳቸው ጎንበስ አሉልኝ። ገና እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ከታች ከጠመዝማዛው ዱም ዱም የሚል ድምፅ ተሰማ።

«መጣ! ዙሩ፣ ዙሩ! አይቶ ሰላም እንዳይለን!» አሉ ሼህ አራጋው፤ አሥራ አንድ አረጋውያን እየተጋፉ፣ ከዘራቸው እየወደቀ፣ ተሽቀዳድመው ፊታቸውን ወደ አለቱ መለሱ።